የሸክላዋ ማኅቶትና ሠሪዋ



በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ያለ መብራት አይቀደስም። ፀሐይ በሰማይ መካከል ሳለች፣ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ሳለ፣ ወንጌል በሚነበብበት ጊዜ መብራት ይያዛል። ይህ የሚደረገው ለዓይን እንዲታይ አይደለም፤ ክርስቶስ የዓለም ብርሃን መሆኑን ለመመስከር ነው። ስለዚህ ስለ ብርሃን ምሥጢር ሊቃውንቱ ብዙ አስተምረዋል፤ እኛም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን ሰምተናል። ብርሃኑን ስለሚሸከመው ዕቃ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ዕቃውን ስለ ሠራው እጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በዚህ ትምህርት ከአፈር ተበጅታ በእሳት ስለ ጸናችው የሸክላ ማኅቶት፣ በጸሎትም ሥርዓት ስላላት ቦታ፣ በመጨረሻም ስለ ሠሪዋ እንጽፋለን። የምንጽፍበትም ምክንያት አንድ ነው፤ ብርሃኑን እያከበሩ ጭቃውን ያበጀውን ሰው መናቅ የብርሃኑን ትምህርት አለመቀበል መሆኑን እንድናስተውል ነው።

1. ስለ ስሟ

ማኅቶት የሚለው የግእዝ ቃል «ኀተወ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ኀተወ ማለት በራ፣ ነደደ ማለት ነው። እንግዲህ ማኅቶት ዘይቱንና ፈትሉን ይዛ የምትበራው ናት፤ ሲበዙም መኃትው ይባላሉ። ተቅዋም «ቆመ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ማኅቶት የምትቆምበትን ያመለክታል፤ መቅረዝም በዚሁ ፍች ይነገራል። ቀንዲል ግን ከሩቅ የመጣ ስም ነው፤ ከሮማውያን ቋንቋ ተነሥቶ በጽርእና በዐረብ አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። በንግግር ስሞቹ ይደባለቃሉ፤ ነገር ግን ልዩነታቸውን መጠበቅ ለትርጓሜ ይረዳል።

ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ያሠራው መቅረዝ ከአንድ መክሊት ንጹሕ ወርቅ የተሠራ ነበር (ዘፀ. 25፥31-39)። በውዳሴ ማርያምም እመቤታችን በወርቅ መቅረዝ ትመሰላለች፤ የተሸከመችው ብርሃን ልጇ ወዳጇ ነውና። የሕዝቡ ቤት መብራት ግን ሸክላ ነበር። ጌታችን ማኅቶት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖራት እንደሌለ ባስተማረ ጊዜ (ማቴ. 5፥15)፣ አንዲት ሴትም የጠፋባትን ድሪም ለመፈለግ ማኅቶት አብርታ ቤቷን እንደ ጠረገች በምሳሌ በተናገረ ጊዜ (ሉቃ. 15፥8)፣ የሰሙት ሰዎች በልባቸው ያዩት የመቅደሱን ወርቅ አይደለም፤ በየጎጆአቸው ያለችውን ትንሽ የሸክላ ማኅቶት ነው። ጌታችን መንግሥቱን ሲያስተምር ምሳሌውን ከድሃ ቤት መውሰዱን ልብ ይሏል።

2. ስለ አሠራሯ

በምድረ ከነዓን በጥንት ዘመን የነበረችው ማኅቶት አፏ የተቆነጠጠ ትንሽ ሳሕን ነበረች። ሸክላ ሠሪው ሳሕኑን ካወጣ በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ጠርዙን በጣቶቹ ይቆነጥጠዋል፤ ፈትሉ በተቆነጠጠው ቦታ ይተኛል፤ ዘይቱም በሳሕኑ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ይህች ማኅቶት ቀላል ብትሆንም ዘይቷ በቶሎ ይፈስስባታል፤ አቧራም ይገባባታል።

ከጌታችን ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ 2ኛው መቶ ዓመት ድረስ በይሁዳ አገር በብዛት የተሠራችው ማኅቶት ግን የተሻለች ናት። ሆዷ ክብ ሆኖ በመንኰራኵር ይወጣል፤ በላይዋ ዘይት የሚጨመርበት ቀዳዳ ይተውላታል፤ አፏ ለብቻው በእጅ ተበጅቶ ይለጠፍባትና በስለት ይፋቃል። ርዝመቷ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ በመሆኑ በአንድ መዳፍ ትያዛለች። ጌጥ የላትም ለማለት ይቻላል። ቅዱሳን ሐዋርያት በሌሊት ሲጸልዩ በብርሃኗ የተጠቀሙባት ማኅቶት ይህችን የመሰለች ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያ በኋላ በነበረው የክርስቲያን ዘመን፣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ፣ በፍልስጥኤም ምድር ማኅቶቶች በቅርጽ ይሠሩ ጀመር። ሠሪው ለስላሳውን የኖራ ድንጋይ ቆፍሮ የላይኛውንና የታችኛውን ግማሽ ቅርጽ ያዘጋጃል፤ ጭቃውን በሁለቱ ላይ ይጫናል፤ ከዚያም ግማሾቹን አጋጥሞ ይለስናቸዋል። በብዙዎቹ ላይ መስቀል ይገኛል። በአንዳንዶቹም ዙሪያ የክርስቶስ ብርሃን ለሁሉ እንደሚያበራ የሚናገር የጽርእ ጽሕፈት አለ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ፊደሉ የተዛባ ወይም የጎደለ ነው። ሠሪው መጻፍ በደንብ አያውቅም ነበርና። ነገር ግን ፊደሉን አጣምሞ የጻፈው ሠሪ ያበጃት ማኅቶት ፊደሉን አቃንቶ ለሚያነበው ሊቅ አብርታለታለች።

በአገራችን የሸክላ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሥራ ነው፤ የሚሠራውም በመንኰራኵር ሳይሆን በእጅ ነው። ሴቲቱ አፈሩን ከምትመርጥበት ቦታ ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች፤ ታደርቀዋለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች። በውኃ ካራሰችው በኋላ ጠጠሩን እየለቀመች ታሸዋለች። ጭቃው በእሳት እንዳይሰነጠቅ ከአሮጌ ሸክላ ስብርባሪ የተፈጨ ዱቄት የሚጨምሩበትም አሉ። ቅርጹን ካወጣች በኋላ በጥላ ታደርቀዋለች፤ በፀሐይ የተቸኰለበት ይሰነጠቃልና። በመጨረሻ በእንጨት፣ በጭድና በኩበት እሳት ትተኩሰዋለች። በዚህ መንገድ እንስራው፣ ምጣዱ፣ ጀበናው፣ የዕጣኑ ማጨሻ ሁሉ ይሠራል።

3. በጸሎት ሥርዓት ስላላት ቦታ

በብሉይ ኪዳን እግዚአብሔር ለመብራት የሚሆነው ዘይት ተወቅጦ የተጠለለ ንጹሕ የወይራ ዘይት እንዲሆን፣ መብራቱም ዘወትር እንዲበራ አዘዘ (ዘፀ. 27፥20-21፤ ዘሌ. 24፥2-4)። ሕፃኑ ሳሙኤል የተጠራው የእግዚአብሔር መብራት ገና ሳይጠፋ በቤተ መቅደሱ ተኝቶ ሳለ ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥3)። አይሁድ በሥርዓት መጽሐፋቸው እንደ ጻፉት ደግሞ በዳስ በዓል በሴቶች አደባባይ ለሚበራው ታላቅ መብራት ፈትል የሚሆነው ያረጀው የካህናት ልብስ ነበር። ካህኑ ለብሶት ያገለገለበት ጨርቅ ሲያረጅ አይጣልም፤ በዘይት ተነክሮ ይበራል። ይህ ለእኛ ለካህናት እንዴት ያለ ትምህርት ነው! አገልግሎታችን ሲያረጅ፣ ጕልበታችን ሲደክም፣ ገና የመብራት ፈትል እንሆናለን እንጂ የምንጣል አይደለንም።

በሐዲስ ኪዳን ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሌሊቱን በሙሉ ባስተማረበት ሰገነት ብዙ መብራቶች እንደ ነበሩ ተጽፏል (ሐዋ. 20፥7-8)። ከዚያም በኋላ ምእመናን ለማኅበር ማዕድ በሚሰበሰቡበት ምሽት ዲያቆኑ መብራት ይዞ ይገባ፣ ጳጳሱም ስለ ማይጠፋው ብርሃን እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር። ይህን ሥርዓት የያዘው ክፍል የሐዋርያት ትውፊት በተባለው የጥንት መጽሐፍ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ በላቲን የቀረው ትርጓሜ ክፍሉን አልያዘውም፤ በእኛ በግእዙ ሲኖዶስ ግን ተጠብቆ ቆይቷል። አባቶቻችን የመብራቱን ምስጋና ለዓለም ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ጠብቀው አቆይተዋል ማለት ነው።

ኤጌርያ የተባለች መንፈሳዊት ሴት ከ381 እስከ 384 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ያየችውን ጽፋለች። በየቀኑ በ10 ሰዓት ሕዝቡ በጌታችን የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፤ ቀንዲሎቹና ሻማዎቹ ሁሉ ይበራሉ። እሳቱ ግን ከውጭ አይመጣም፤ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ከሚበራበት ከቅዱስ መቃብሩ ዋሻ ውስጥ ይወጣል እንጂ። በዚያ ዘመን በታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት የብርጭቆ ቀንዲል መሰቀል ጀምሮ ነበር፤ የሸክላዋ ማኅቶት ግን በድሆች ቤትና በመቃብር ስፍራ አገልግሎቷን አላቋረጠችም።

በግብፅም ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በቅዱስ ሚናስ ገዳም ስፍራ በ1905 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቁፋሮ በተጀመረ ጊዜ፣ ብዙ የሸክላ ሥራና የሸክላ መተኰሻ ምድጃ ተገኝቷል። ከእነዚህም የታወቁት በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ የሚጸልየው ሰማዕት የተቀረጸባቸው ትንንሽ የሸክላ ቅርጮች ናቸው። ተሳላሚዎች ጸበሉንና በመቃብሩ ላይ ከሚበራው ቀንዲል የተወሰደውን ዘይት በእነርሱ እየያዙ ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ ተገኝተዋል። የወርቅ ዕቃ በመንገድ ወንበዴን ይጠራል፤ በሸክላ የተያዘው በረከት ግን ባሕርና በረሃ ተሻግሮ ደርሷል።

ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱም በዚህች ዕቃ ስም ይጠራል። በሽተኛ የሚቀባበት ምሥጢር ምሥጢረ ቀንዲል ይባላል፤ መሠረቱም የሐዋርያው ያዕቆብ ትእዛዝ ነው (ያዕ. 5፥14-15)። ከእስክንድርያ እኅት ቤተ ክርስቲያን ጋራ በምንጋራው ሥርዓት ዘይቱ በዕቃ ተደርጎ ሰባት ፈትል ይዘጋጅለታል፤ ሰባት ጸሎት ይደርሳል፤ በየጸሎቱም አንድ አንድ ፈትል ይበራል። እንግዲህ በሽተኛው የሚቀባው ከመደብ ዘይት አይደለም፤ በጸሎት ፊት ሲነድና ሲያበራ ከቆየው ዘይት ነው።

በአገራችን የወይራ ዘይት እንደ ልብ ስለማይገኝ አባቶቻችን ከንብ ሰም የተሠራውን ጧፍ ለመብራት መረጡ። ይህ የሥርዓቱ መለወጥ አይደለም። ዘይትም ሆነ ሰም ሁለቱም የሚቃጠሉ፣ ራሳቸውን ጨርሰው ለሌላው የሚያበሩ ናቸውና። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የኤሌክትሪክ መብራት ገብቷል። ለማንበብና ለመተያየት መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የመሥዋዕቱን መብራት ቦታ ሊወስድ አይገባውም። ምእመኑ የሚያቀርበው ጧፍ ወይም ዘይት ከቤቱ የወጣ፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚያልቅ ስጦታ ነው። ሌላው የነሐስ መቅረዝ ሲያገባ አይቶ በሸክላ የያዘውን ጥቂት ዘይት ለማቅረብ የሚያፍር ድሃ ቢኖር፣ ካህኑ በደስታ ይቀበለው፤ ሁለት ሳንቲም ያገባችውን መበለት ማን እንዳመሰገናት ያስታውሰው (ማር. 12፥41-44)።

4. ማኅቶት ለአገልጋዮች የምታስተምረው

የማኅቶትን ጠባይ የተመለከተ ካህን ብዙ ይማራል። አንደኛ፤ ጭቃው ሳይታሽ ዕቃ አይሆንም። በውስጡ አንድ ጠጠር ከቀረ፣ ውጭው ቢለሰልስም በእሳት ጊዜ በዚያው ቦታ ይሰነጠቃል። የተደበቀ ቂምም እንዲሁ ነው፤ በሰላም ቀን አይታይም፤ በፈተና ቀን ሰውየውን ይከፍለዋል።

ሁለተኛ፤ ደርቆ ያልተተኰሰ ሸክላ ሲያዩት ዕቃ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካው ግን ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። በመከራ ያልጸና ትምህርትም እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፤ በዘይት ያልተነከረ ፈትል ቢለኰስ የሚነደው ራሱ ፈትሉ ነው። ጥቂት ይነድዳል፤ ብዙ ይጨሳል፤ ቶሎም ያልቃል። በዘይት የተነከረ ፈትል ግን የሚነደው ዘይቱ ስለ ሆነ ፈትሉ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ያለ ጸሎት የሚያስተምር ካህን የራሱን ጕልበት ያቃጥላል፤ ለሰሚዎቹም ጢስ ይሆንባቸዋል። ጢስ የበዛበት መብራትም ቤቱን ያጠቍራል እንጂ አያሳይም።

አራተኛ፤ በጫፉ የከሰለው ፈትል በየጊዜው ካልተቈረጠ ብርሃኑ ይደክማል። ይህም ንስሐ ነው። የሚጤሰውን የተልባ እግር ፈትል እንደማያጠፋው በነቢዩ የተነገረለት ጌታ (ኢሳ. 42፥3፤ ማቴ. 12፥20) ፈትላችንን ያቃናዋል እንጂ አይረግጠውም። እኛም የንስሐ ልጆቻችንን በዚሁ ትዕግሥት ልንይዛቸው ይገባል።

አምስተኛ፤ ዘይት የሚጨመረው ከመምሸቱ አስቀድሞ ነው። አምስቱ ሰነፎች ደናግል የተዘጋባቸው መብራት ስላልያዙ አልነበረም፤ ዘይት ስላልያዙ ነው (ማቴ. 25፥1-13)።

የጌዴዎን 300 ሰዎች ደግሞ ችቦአቸውን በባዶ ማድጋ ውስጥ ሸሽገው ሄዱ፤ ማድጋው በተሰበረ ጊዜ ብርሃኑ ወጣ፤ ጠላትም ሸሸ (መሳ. 7፥16-22)። ይህን በሰማዕታት እንተረጕመዋለን፤ ሥጋቸው ሲሰበር እምነታቸው ለዓለም ታየ። ሐዋርያውም መዝገባችን በሸክላ ዕቃ መሆኑን የጻፈው (2ኛ ቆሮ. 4፥7) ኀይሉ የእግዚአብሔር እንጂ የእኛ እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

5. ስለ ሠሪዋ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ከላይ እንዳየነው ቤተ ክርስቲያን ከሸክላ ብዙ ተቀብላለች። ሸክላ ሠሪዎች ግን በአገራችን ብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። በቡዳነት ተጠርጥረዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል፤ በማዕድ ተለይተዋል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው በወለቃ ሸክላ በመሥራት የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ይህንን ስድብ ከነልጆቻቸው ተሸክመው ኖረዋል። ከወገኖቻቸው ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስድቡ ግን ከእነርሱ ጋራ ተሳፍሮ ከአገራችን አልወጣም። በሌሎች አውራጃዎችም በዚሁ ሥራ የሚኖሩ ወገኖች ደርሶባቸዋል፤ ክርስቲያኖች የሆኑት እንኳ አልቀረላቸውም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ሸክላ ሠሪዋ የሠራችው ጋን በሰንበቴው ቤት ሲቀመጥ፣ እርሷ ግን ከጋኑ አጠገብ እንድትቀመጥ አይወደድም። በእንስራዋ ጸበል ይቀዳል፤ እጇ የያዘው ጽዋ ግን ይፈራል። ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ዕቃውን ያበጀው እጅ በምን ረከሰ? እጁ ርኩስ ከሆነስ ዕቃውን ስለ ምን ገዛን?

«የአባቶች ልማድ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም እንመልሳለን፤ ልማድ በመጽሐፍ ይመዘናል እንጂ መጽሐፍ በልማድ አይመዘንም። መጽሐፍ ግን ምን ይላል? እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጀው (ዘፍ. 2፥7)። ነቢዩ ኤርምያስን ቃሉን ሊያሰማው በወደደ ጊዜ ወደ ንጉሥ ቤት ወይም ወደ ሊቃውንት ጉባኤ አልላከውም፤ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ አዘዘው እንጂ። በዚያም ዕቃው በሠሪው እጅ ሲበላሽና እንደ ገና ሲሠራ አሳየው፤ ራሱንም በሸክላ ሠሪው፣ ሕዝቡን በጭቃው መሰለ (ኤር. 18፥1-6)። እንግዲህ ፈጣሪ በሸክላ ሠሪ ለመመሰል ካላፈረ፣ የፈጠረው ጭቃ ሸክላ ሠሪን በምን አፉ ይሰድባል? ነቢዩ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት የገባበትን ቤት እኛ ቡና ለመጠጣት እንኳ ከተጸየፍነው ከነቢዩ ልንበልጥ ወደድን ማለት ነው።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችንን እንለምናለን። የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ የንስሐ ልጁን ስለ ጾምና ስለ መሐላ እንደሚጠይቀው፣ ጎረቤቱን በሥራው ሰድቦት እንደ ሆነም ይጠይቀው፤ ይህ ኃጢአት መሆኑን ያስታውቀው። የሰንበቴና የማኅበር አለቆች ቍርባን የተቀበለችን ሸክላ ሠሪ ከማዕዳቸው እንዳይለዩ ይምከሩ፤ ከአንድ መሶበ ወርቅ የክርስቶስን ሥጋ የተቀበለችን ከእንጀራ መሶብ መለየት እጅግ ያሳፍራልና። ካህኑም ራሱ አስቀድሞ ወደ ቤቷ ይግባ፤ ይባርክ፤ ይቅመስ። ሕዝቡ ከስብከት ይልቅ የካህኑን እግር ይከተላል። ዕቃዋንም በተገቢው ዋጋ እንግዛት፤ የድካሟን ዋጋ ቀንሶ የተረፈውን ለመብራት መስጠት መሥዋዕት አይባልም።

ምእመናን ሆይ፤ በመጨረሻው ቀን በሰማያዊት ኢየሩሳሌም ማኅቶት አያስፈልግም፤ ብርሃኗ በጉ ነውና (ራእ. 21፥23)። የወርቁም የሸክላውም መብራት በዚያ ያበቃል። የሸክላ ሠሪዋ ነፍስ ግን አታበቃም፤ በዚያ ብርሃን ፊት ከእኛ ጋራ ትቆማለች። ዛሬ በአንድ ማዕድ አብረናት ለመቀመጥ ያልወደድነው ያን ጊዜ ከእርሷ ጋራ በአንዲት ከተማ ለመኖር እንዴት እንችላለን? እንግዲህ መብራታችንን ከማብራታችን አስቀድሞ ከወንድማችንና ከእኅታችን ጋራ እንታረቅ።

ከአፈር ያበጀን፣ በመንፈስ ቅዱስ ያተመን እግዚአብሔር በዕቃችን ድህነት ሳያፍር ብርሃኑን እንዳኖረብን፣ እኛም በማንም ድህነት ሳናፍር ብርሃኑን እንድንካፈል ጸጋውን ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።